«ካፒቴን ማለት ስም ነው» ላለው ወንድምሽ

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አባታችን በአንድ አሮጌ ፊያት ጀምሮ ያቆመው የጭነት ማመላለሻ ድርጅት አለን። እሱ ከታመመ ወዲህ የምናስተዳድረው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ወንድሜ አዲስ አበባ ማኔጅመንት ተምሮ የመጣ ጎበዝ ልጅ ነው። አሁን ግን ነባሮቹን ሹፌሮች አሰናብተን በአንዱ ደመወዝ ሁለት ወጣት እንቅጠር ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ከሁሉም በፊት እንዲወጣ የሚፈልገው ደግሞ እኔን አዝሎ ያሳደገኝን ሽማግሌ ሹፌራችንን ነው። ባለፈው ክረምት ሲሚንቶ ጭኖ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ‹ጉሙ አላማረኝም፣ ጣርማ በርን በሌሊት አልወርድም› ብሎ ደብረ ብርሃን አደረ። ደንበኛው ዘገያችሁ ብሎ ከሒሳባችን ቆረጠብን። ወንድሜ ‹አውሮፕላን እንኳ ዛሬ ራሱን በራሱ ነው የሚበረው፣ ካፒቴን ማለት ስም ነው፤ አየር መንገዶች በልጅ አብራሪ እያተረፉ እኛ በሽማግሌ እንክሰር?› ይለኛል። መልስ አጣሁ። ባሰናብታቸው ግፍ ይሆንብኛል፣ ባላሰናብታቸው ድርጅቱ ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ። ምን ይሉኛል? ልጄም ፓይለት ካልሆንኩ እያለ ነው፤ ስለሱም አንድ ነገር ጣል ያድርጉልኝ። ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ።»

አብሽሪ እህቴ። ያስጨንቃል፣ ግን መላ አለው።

መጀመሪያ ግፍ የሚለውን ቃል ወንድምሽ ፊት አታንሺው። ግፍ አይደለም ማለቴ አይደለም። ግን እሱ ስለ ገንዘብ ሲያወራ አንቺ ስለ ውለታ ካወራሽ ዓመት ሙሉ ብትጨቃጨቁ አትግባቡም፤ በመጨረሻ «እህቴ ሆደ ቡቡ ናት» ይልና የስንብት ደብዳቤውን ጽፎ ያመጣልሻል። ስለዚህ በራሱ ሜዳ እንግጠመው። አውሮፕላኑን ያመጣው እሱ ነው። እኔ ደግሞ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ሪፖርት የማንበብ ክፉ ሱስ አለብኝ፣ ባለቤቴ «ሌላው ጫት ይቅማል፣ አንተ ሬሳ ትቆጥራለህ» እስክትለኝ ድረስ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ወንድምሽ ግማሹን እውነት ተናግሯል። አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ አብዛኛውን መንገድ የሚበረው በአውቶፓይለት ነው፣ ማለትም ያለ ሰው እጅ በሚያበረው ኮምፒውተር። ያንን ማንም አይክድም። ያልነገረሽ ግን አውቶፓይለቱ ግራ ሲገባው ምን እንደሚያደርግ ነው። ይለቃል። «በሉ እናንተ ያዙት» ብሎ እጁን ያወጣል፣ ያውም በክፉ ሰዓት። በ2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ላይ የሆነው ይኼው ነው። ሌሊት፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ተደፈኑ። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ማወቅ ሲያቅተው አውቶፓይለቱ ጠፋ። ካፒቴኑ ተራ ዕረፍቱ ስለነበር ከመቀመጫው ተነስቷል። የቀሩት ሁለቱ በዚያ ከፍታ ላይ አውሮፕላንን በእጅ የማብረር ልምምድ አልነበራቸውም፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ይዘው ቆዩ፣ አየሩም አውሮፕላኑን መሸከም ተወ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ 228 ሰው ይዞ ውቅያኖስ ውስጥ ገባ። ቱቦው ከተደፈነ አንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ቱቦዎቹ ተመልሰው ይሠሩ ነበር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

እንግዲህ ራሱን በራሱ ይበራል ማለት ይኼ ነው። ደህና ቀን ሲሆን ይበራል።

አሁን የዚያኑ ዓመት ሌላ ታሪክ ልንገርሽ፤ ምናልባት ሰምተሽው ይሆናል፣ ግን ሰው የሚያወራው ጀግንነቱን ብቻ ስለሆነ ለአንቺ የሚጠቅመው ክፍል ተዘሏል። ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 አንድ የዩኤስ ኤርዌይስ ኤርባስ ከኒውዮርክ ላጓርዲያ ተነሳ። ገና 2,800 ጫማ ገደማ ላይ እያለ ከዝይ መንጋ ጋር ተላተመ። ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን አጡ። ከታች ያለው ከተማ ነው፤ ፎቅ በፎቅ። ካፒቴኑ ቼስሊ ሰለንበርገር የ57 ዓመት ሰው ነበር፣ ወደ 20,000 ሰዓት የሚጠጋ በአየር ላይ ያሳለፈ። አውሮፕላኑን ይዞ ሲነሳ የነበረው ረዳቱ ነው። ካፒቴኑ ወዲያው ተረከበው። ከዚያ ጅራቱ ላይ ያለችውን ትንሿን ሞተር አስነሳ፤ መብራቱና መሪው እንዳይሞትበት። እዚህ ላይ ቆም በይ። ለዚህ ዓይነት ችግር የተጻፈው ቼክሊስት፣ ማለትም አብራሪዎች በተራ እያነበቡ የሚፈጽሙት ዝርዝር፣ ያቺን ሞተር አስነሳ የሚለው ብዙ ዝርዝር ካለፈ በኋላ ነው። ቼክሊስቱ የተዘጋጀው በጣም ከፍ ብሎ፣ ከ20,000 ጫማ በላይ፣ ሞተር ለጠፋበት ሰው ነበርና ረጅም ነው፤ እነሱ ግን የነበራቸው ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። አንብበው አልጨረሱትም። ሰውዬው ተራውን ሳይጠብቅ ማስነሳቱን መርማሪዎቹ በኋላ አመስግነውታል። ይኼን ማንም አላዘዘውም፣ ወረቀቱም ላይ በዚያ ቦታ አልነበረም። ከዚያ ሐድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው። 155 ሰው፣ ሁሉም በሕይወት ወጡ።

«ወደ ተነሳበት ለምን አልተመለሰም?» ያሉ ነበሩ። መርማሪዎቹ በሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ ባለ የበረራ መለማመጃ ማሽን፣ ሞከሩት። ወፉ እንደመታው ወዲያው ከዞሩት አንዳንዱ ሙከራ ይሳካል። ሰው ደንግጦ፣ አይቶ፣ አስቦ የሚወስንበት 35 ሰከንድ ሲጨመርበት ግን አልደረሰም። ቢሮ ተቀምጦ ከዓመት በኋላ መፍረድ ቀላል ነው፤ ደብረ ብርሃን ለምን አደረ ብሎ መፍረድም እንደዚያው።

አሁን ሰው የሚዘለው ክፍል። ይኼ ዓለም ያጨበጨበለት ሰው በወሩ ፌብሩዋሪ ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ምን አለ መሰለሽ? ደመወዜ በ40 ከመቶ ተቀንሷል አለ። የጡረታ ገንዘቤም ቀርቷል፣ በምትኩ የተሰጠኝ የመንግሥት ዋስትና ከሱ ጋር የማይወዳደር ሳንቲም ነው አለ። ልጁ የሱን ሙያ እንዲከተል የሚፈልግ አንድም አብራሪ አላውቅም ብሎ ጨመረ። አስቢው። ሥራ አመራሩ ወጪ ሲቀንስ የቀነሰው ከዚያ ሰው ላይ ነው። ቁጠባው በየዓመቱ ሪፖርት ላይ አምሮ ይታያል። የሰውዬው ሦስት ደቂቃ ግን ከጃንዋሪ 15 በፊት በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አልነበረችም። ስንት ትመዘገብ? በምን አምድ?

ወንድምሽ የሚያጣው ይኼንን ነው። የነባር ሹፌርን ደመወዝ የሚያነጻጽረው ደህና ቀን ላይ ከሚሠራው ሥራ ጋር ነው። በደህና ቀንማ ጎረምሳውም ያደርሰዋል፣ እንዲያውም ቀድሞ።

እስኪ ወደ ጣርማ በር እንሂድ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርሽ። የድሮ ሹፌር ከዋሻው በፊት ዳር ይይዛል። ይወርዳል። የእጁን ጀርባ ወደየጎማው ያስጠጋል፣ አይነካም፣ ሙቀቱን ነው የሚሰማው። ከአንዱ በኩል ለየት ያለ ሙቀት ከመጣበት ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ የፍሬን ሸራ ሲነድድ የሚሸት ነገር አለ፣ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ለፍሬኑ የአየር ቱቦ ጆሮውን ይሰጣል። የጭነቱን ሸራ ገመድ ይጎትታል። ጋቢና ተመልሶ የአየር መለኪያውን ያያል። ከዚያ ቁልቁለቱን ገና ሳይጀምር ከባዱን ማርሽ ያስገባል፣ ሞተሩ እንዲይዝለት፤ ደብረ ሲና ድረስ ፍሬኑን የሚነካው ቆጠብ ቆጠብ እያደረገ ነው። ወጣቱ የሚያደርገውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። በቀላል ማርሽ ይገባል፣ ሲፈጥንበት ፍሬን ይረግጣል፣ ደጋግሞ ይረግጣል፣ ሸራው ይግላል፣ ሲግል አይዝም፣ አየሩም እየጎደለ ይሄዳል። ያኔ ማርሽ ልቀንስ ሲል ማርሹ አልገባ ይለዋል፣ ከነበረበት ወጥቷል፣ ወደሚፈልገው አይገባም፤ በዚያች ቅጽበት ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ በሞተርም በፍሬንም ሳይያዝ ቁልቁል እየሄደ ነው ማለት ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ እናንተ የወረደ ሁሉ ይኼን አንብቦ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

የእናንተ ሽማግሌ ደብረ ብርሃን ላይ ያደረገው ይኼው ነው። አልሠራም አላለም። አሁን አልወርድም አለ። ለዚህ ነው ደመወዝ የምትከፍሉት፣ ሌላው ትርፍ ነው።

ግን ቆይ። እዚህ ጋር አንቺም አትፎልይ፤ «እድሜ ያለው ሁሉ ይቆይ» የሚል ምክር ከኔ አትጠብቂ። የአቪየሽን ታሪክ ለሽማግሌዎችም ምሕረት የለውም። በ1977 ቴኔሪፍ በምትባል የስፔን ደሴት ላይ ሁለት ጃምቦ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ሳይፈቀድለት ለመነሳት ያንደረደረው የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ካፒቴን ጀማሪ አልነበረም፣ የድርጅቱ ዋና አሰልጣኝ ነበር፣ በማስታወቂያቸው ላይ ፎቶው የሚወጣ። አብሮት የነበረው የበረራ መሐንዲስ «ያኛው ከመንገዱ አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። «ወጥቷል» ተብሎ ታለፈ። እንግዲህ ልምድ የታችኛውን ሰው ድምፅ መስማት ሲያቆም እንዲህ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው አየር መንገዶች ካፒቴኑ የረዳቱን ቃል እንዲሰማ፣ ረዳቱም ፈርቶ ዝም እንዳይል ማሰልጠን የጀመሩት። ሽማግሌያችሁ ረዳቱን «ዝም በል አንተ ውሻ» የሚል ዓይነት ከሆነ ይኼም ይስተካከል፣ ውለታው አይሸፍነው።

የሰዓት ብዛት ብቻም አይደለም። ከሐድሰኑ ታሪክ ወር ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 2009፣ አሜሪካ ውስጥ በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ የኮልጋን አየር መንገድ ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ መሬት ላይ ከነበረው አንድ ሰው ጋር 50 ሰው ሞተ። ፍጥነት አነሰ የሚለው ማስጠንቀቂያ መሪውን ሲያንቀጠቅጠው ካፒቴኑ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ጎተተ። የረዳት አብራሪዋን ነገር ስታነቢ ሆድ ይበላል። የዓመት ደመወዟ 16,000 ዶላር አካባቢ ነው ተባለ፣ በዚህ ደመወዝ መሥሪያ ቤቷ አጠገብ መኖር ስለማትችል ከሲያትል ሌሊቱን በሌላ አውሮፕላን ተሳፍራ አገር አቋርጣ ነው ሥራ የገባችው። ታማለች ደግሞ። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ሕግ አወጡ፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ለማብረር በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል ተባለ። የሚገርመው ሁለቱም አብራሪዎች ከዚያ በላይ ሰዓት ነበራቸው። እኔ ከዚህ የምወስደው ሕጉ ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። በርካሽ የያዝሽው ሰው ደክሞ፣ ሳይተኛ፣ በደንብ ሳይሠለጥን እንደሚመጣ ነው የማየው። ወንድምሽ በአንዱ ደመወዝ ሁለት ልቅጠር ሲል እነዚያ ሁለት ልጆች በዚያ ገንዘብ የት ያድራሉ፣ ምን ይበላሉ፣ አበላቸውን ለመሙላት ሌሊት ይነዳሉ ወይ ብለሽ ጠይቂው።

ሌላው ደግሞ የኛው ቁስል ነው፣ ብዙ ማለት አልፈልግም። በ2018 ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው፣ በማርች 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው፤ ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የሚባል ሲስተም የአንድ ሴንሰርን ንባብ ብቻ አምኖ ይሠራ ነበር፣ የመጀመሪያው አደጋ እስኪደርስ ድረስም ለአብራሪዎች በተሰጠው ማኑዋል ውስጥ አልተገለጸም። ለምን? ለአብራሪዎች የሲሙሌተር ሥልጠና እንዳያስፈልግ፣ አውሮፕላኑም ከድሮው የተለየ እንዳይባል። ቦይንግ ለአንድ ትልቅ ደንበኛው የሲሙሌተር ሥልጠና ካስፈለገ በአንድ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር እቀንስልሃለሁ ብሎ ውል ገብቶ ነበር። አየሽ የወጪ ቅነሳው የት እንደተቀመጠ? ከአደጋው በኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ አንዳንዱ «አብራሪዎቹ ቢበቁ ኖሮ» አለ። የቢሾፍቱው ካፒቴን ከ8,000 ሰዓት በላይ ያበረረ ልጅ ነበር። ያው ሰለንበርገር በጁን 2019 ምክር ቤት ቀርቦ በሲሙሌተር ሞክሬዋለሁ፣ የሚመጣውን እያወቅኩ እንኳ ችግሩን ሳይፈቱ ጊዜና ከፍታ እንዴት እንደሚያልቅባቸው ገብቶኛል ብሎ መሰከረላቸው። ልምድ ያለው ሰው ልምድ ሰበብ እንዳይሆን ሲከራከር ማየት ደስ ይላል። ለእናንተም ያው ነው፤ ያለቀ ጎማና የተላጠ ፍሬን ሸራ ሰጥታችሁ «ጎበዝ ሹፌር ያወርደዋል» ማለት አይቻልም።

የኛው ካፒቴን ልዑል አባተንም ለወንድምሽ ንገሪው፤ የሱን ታሪክ የማያውቅ ወጣት እየበዛ ነው። በ1996 ጠላፊዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቦይንግ 767 ይዘው አውስትራሊያ ውሰደን አሉት። ነዳጅ አይበቃም ሲላቸው አላመኑትም። እሱ የባሕር ዳርቻውን እየተከተለ ከመሬት ሳይርቅ ለመቆየት ሞከረ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፎ ያውቃል። ሞተሮቹ ነዳጅ ጨርሰው ዝም ሲሉ፣ ጠላፊ አጠገቡ ቆሞ እየታገለው፣ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕሩ ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። ቁጥሩ ያሳዝናል፣ ግን ያለ እሱ አንድም ሰው የሚተርፍ አይመስለኝም።

ገንዘብ ብቻ ነው የምሰማው ካለ ደግሞ የ2020ን ነገር ንገሪው። ኮሮና ሲመጣ የአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች በሺዎች የሚቆጠሩ ነባር አብራሪዎችን ገንዘብ እየሰጡ በፈቃዳቸው ቀድመው ጡረታ እንዲወጡ አደረጉ። ወጪ ቀነስን ተባለ። መንገደኛው ግን ካሰቡት ቀድሞ ተመለሰ። በ2022 አብራሪ ጠፋ፣ በረራ ይሰረዝ ጀመር፣ ትናንሾቹ ከተሞች አገልግሎት ቀረባቸው፣ አነስተኛ አየር መንገዶች የጀማሪን ክፍያ በአንዴ ሰቅለው ሰው መሻማት ያዙ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ካፒቴን በማስታወቂያ አይወለድም፤ ዓመታት ይፈልጋል፣ የሚያሠለጥነው ደግሞ ያው ያሰናበትሽው ሰውዬ ነው።

እሺ፣ ምን ታድርጊ?

ወንድምሽን ጠላት አታድርጊው፣ አንደኛ። ልጁ የሒሳብ ሰው ነው፣ ሒሳብ ስጪው፣ ግን ሙሉ ሒሳብ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት በየመኪናው፣ በየሹፌሩ ያውጣ። ጎማ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? የፍሬን ሸራ በስንት ጊዜ ተቀየረ? ናፍጣ ለመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ጠጣ? መኪናው ጋራዥ ስንት ቀን ቆመ? ኢንሹራንስ ስንቴ ተጠየቀ? ይኼን ከደመወዙ ጎን ያስቀምጠው። እኔ እንደምገምተው ነባሮቹ ርካሽ ሆነው ይገኛሉ። ካልሆኑ ደግሞ፣ ከነባሮቹ አንዱ ናፍጣ እየቀዳ ሲሸጥ ወይም ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት ሲለቅ ከተገኘ፣ እሱ ይሂድ፤ አዝሎ አሳድጎኛል የሚለው እዚያ ላይ አይሠራም። ወንድምሽ ደንበኛው የቆረጠውን ገንዘብ ብቻ ነው የመዘገበው። ያልተገለበጠውን ተሳቢም ዋጋ ይጻፍ፤ መኪናው፣ ጭነቱ፣ የሰው ካሳው፣ ፖሊስ ጣቢያ የቆመበት ጊዜ።

እናሰናብት ሲልም ነፃ መስሎት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይኼ ዓመት ብቻ በኛው አቆጣጠር ነው) መሠረት በሠራተኛ ቅነሳ ለሚወጣ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በቅነሳ ሲሆን ሌላም ይጨመርበታል። ከዚያም በላይ ሕጉ ቅነሳ ሲኖር የተሻለ ሙያና ምርታማነት ያላቸው በሥራቸው እንዲቆዩ ቅድሚያ ይሰጣል፣ እናንተ ልታደርጉ የተነሳችሁት ተገላቢጦሹን ነው። ደሴ ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ አማክሩ፣ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት።

ወጣት ቅጠሩ፣ ግዴለም፣ ነባሮቹም ዘላለም አይነዱም። ግን አጣምራችሁ። የሐድሰኑ ረዳት አብራሪ ጄፍሪ ስካይልስ ከ15,000 ሰዓት በላይ ያበረረ ሰው ነው፣ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ግን ገና አዲስ ነበር። ካፒቴኑ መሪውን የተረከበው በዚያ አውሮፕላን የሱ ልምድ ስለሚበልጥ ነው፤ ቼክሊስቱን ለረዳቱ የተወለት ደግሞ ትምህርቱ ትኩስ ስለሆነ የቱ የት እንዳለ ቶሎ ያገኛል ብሎ ነው። የእናንተም ጎረምሶች ጂፒኤሱን፣ ስልኩን፣ ወረቀቱን ይችሉበታል፤ ሽማግሌው ሽታውን ይችልበታል። አንድ ክረምት ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ ባቲን ወርደው ሚሌ፣ ከሚሌ ጅቡቲ፣ ሲመለሱ ዳገቱን ጭነው፤ ደግሞም ጣርማ በርን በጉም። ለሚያስተምረው ሽማግሌ ጭማሪ ክፈሉት፣ ምስጋና አይበላም። ነባሮቹም ዓይናቸውን፣ ደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን በየጊዜው ይመርመሩ። አብራሪ እኮ በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ ይፈተናል፣ በዓለም አቀፍ የመንገደኛ በረራ ላይ ደግሞ 65 ዓመቱ ሲሞላ በቃህ ይባላል፣ ስንት ሺህ ሰዓት ቢኖረውም። ሽማግሌው ዓይኑ ከደከመ ከመሪው ይነሳና አሰልጣኝ ወይም የጋራዥ ተቆጣጣሪ ይሁን።

አንዱን ግን ዛሬውኑ አድርጊው። ሹፌር «አልወርድም» ሲል ከደመወዙም ከአበሉም ምንም እንደማይቆረጥበት ጽፋችሁ ማህተም አድርጉበትና ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከደንበኛ ጋር ስትዋዋሉም በጉምና በጎርፍ ምክንያት ለሚመጣ መዘግየት ቅጣት የለም የሚል መስመር አስገቡ። እምቢ የሚል ደንበኛ ካለ ይሂድ። ወንድምሽ በዚህ ላይ ከተቆጣ አባታችሁ አልጋ አጠገብ ውሰጂውና ቡና አፍልታችሁ ጠይቁት፤ በዚያ አሮጌ ፊያት ስንት ጊዜ ጣርማ በር አናት ላይ እንዳደረ እሱ ይንገረው።

ስለ ልጅሽ። ይሁን። ሰለንበርገር ልጆቻችን እንዲከተሉን አንፈልግም ያለው ስለ አሜሪካ የዚያ ዘመን ክፍያ ነው፣ ልጁን እንዳታስፈራሪበት። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛውን ይያዝ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩት፣ ቀለም መለየቱንም ጭምር፤ ስንቱ ልጅ ለመመዝገብ ሄዶ እዚያ ነው ያወቀው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪ ማሰልጠኛ አዲስ አበባ ነው፣ የመግቢያ ማስታወቂያ ሲወጣ ከራሱ ከማሰልጠኛው ጠይቁ፣ አስገባዋለሁ የሚል ደላላ ከመጣ አንድ ብር አትስጪው። እስከዚያው ክረምቱን ከሽማግሌው ጋር ጋቢና ይሳፈር፣ ካፒቴን ስም መሆን አለመሆኑን እዚያ ያየዋል፣ አጎቱንም ጠርቶት ይሂድ።